ረጅሙ ሌንስና የጋሽ ሙሄ በሬ

ፎቶ ቤቴን ስዘጋ ክፍሉን የወሰደው ሞባይል ጠጋኝ ነው። ዕቃዬን እያወጣሁ ሳለ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጥቁር ነገር አንሥቶ ወዘወዘና፣ «አባባ፣ የዚህ ፔርሙዝ ክዳኑ የት ሄደ?» አለኝ። ሌንስ ነው አልኩት። በአንዱ ጫፍ አየበት፣ ገልብጦ በሌላው ጫፍ አየበት፣ ከዚያ የአዘኔታ ፈገግታ ፈገግ አለ። «ይህን ሁሉ ተሸክማችሁ ነው የምትዞሩት የነበረው?» ብሎ ስልኩን አወጣና ምስሉን በሁለት ጣቱ ከፈት ሲያደርገው ከመንገዱ ማዶ ያለው የሥጋ ቤት ሚዛን ፊታችን ላይ ተደነቀረ። እኔ ሩቅ ያለን ነገር እንዲህ ለማቅረብ ስታገል ነው ግማሽ ዕድሜዬን የጨረስኩት። ተናደድኩ። እቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ንዴት ነው።

ሙያውን የተማርኩት ደሴ፣ ጋሽ ዘውዴ ከሚባሉ ፎቶ አንሺ ዘንድ ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ኩርፊያቸው ረጅም ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ የወረቀቱ የትኛው ፊት መድኃኒት የተቀባ እንደሆነ ለማወቅ ጫፉን ከንፈራቸው ላይ ያስነኩታል፤ የተቀባው ፊት ይጣበቃል፣ ሌላው አይጣበቅም። የማጠቢያውን ሙቀት የሚለኩት በክርናቸው ነው፣ እናት የሕፃኗን መታጠቢያ ውኃ እንደምትለካው። ቴርሞሜትር ነበራቸው፤ ግን ከክርናቸው ጋር ካልተስማማ ተሳስቷል ብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱት ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሰው ሲያነሡ ነበር። «ሳቅ በል» አይሉም። ደንበኛው እንደ እንጨት ደርቆ ይቀመጣል፤ እሳቸው ካሜራው ላይ ጎንበስ ብለው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ድንገት ቀና ብለው፣ «ለመሆኑ በርህን ቆልፈሃል?» ይሉታል። ሰውየው ካሜራውን ይረሳል። ዓይኑ ነፍስ ይዘራል፣ ግንባሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጭ ያደርጉታል። ደሴ ውስጥ የዚያን ዘመን ፎቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብታዩና ሰውየው በጥልቅ ሐሳብ የተዋጠ ቢመስላችሁ፣ አትሳሳቱ፤ የሚያስበው ስለ በሩ ነው።

ከደሴ ወጥቼ ኮምቦልቻ ለአንድ ነጋዴ ተቀጠርኩ። ሰውየው ፎቶ ቤት የከፈተው ልብስ ስፌቱ አላዋጣው ብሎ ስለነበር ፎቶ ሳሳየው የሚያየው የደንበኛውን ኮት ነበር። «እጅጌው ረዝሟል» ይለኛል። ደመወዜ ለሻይና ለቤት ኪራይ እንጂ ለትዳር የሚሆን አልነበረም። በ1950ዎቹ መገባደጃ ላይ ሌንሱ የሚወልቅ አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁና ከሚሴ ወርጄ፣ ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ።

ክፍሌ ድረስ ለሚመጣ ሰው የጋሽ ዘውዴ ጥያቄ በሚገባ ሠራልኝ። ያስቸገረኝ ገበያው ነበር። ሰንበቴ በሚባለው ገበያ ላይ ከቆላ ግመልና ፍየል የሚነዳው፣ ከደጋ በግ የሚያወርደው ሲገናኝ ያለውን ትርምስ ለማንሣት ልቤ ይቋምጣል። ካሜራዬን ይዤ ስጠጋ ግን ሴቱ ይሸፈናል፣ ወንዱ ይገተራል፣ ጊሌውን፣ ያን ቆልማማ ጩቤ፣ ወገቡ ላይ የታጠቀ አፋር ደግሞ «ምን ፈለግህ?» በሚል ዓይን ያየኛል። ምንም አልፈለግሁም ብዬ እመለሳለሁ።

መፍትሔው የመጣው ከወፍ ነው። የወባ ትንኝ ሊያጠፋ የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ዕረፍቱን በጨፋ ረግረግ ወፍ ሲያነሣ ይውላል። ገበሬው መሬት የሚለካ መስሎት ባየው ቁጥር ከብቱን ሰብስቦ ይሸሽ ነበር። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል ዕቃውን ሸጠ፤ ሌንሱ የእኔ ሆነ። ቱቦውን ወደ ፊት ስትገፋው ሩቁ ይቀርባል፣ ወደ ኋላ ስትስበው ይርቃል። አዲስ ቢሆን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። የረከሰልኝ ቱቦው አርጅቶ ስለላላ ነው፤ አፉን ወደ መሬት ስታዘቀዝቀው በራሱ ክብደት ሸርተት ይላል። እኔም የመኪና ካላማዳሪያ ላስቲክ ቆርጬ እንደ ቀለበት አጠለቅሁበት። ፈረንጁ ሲያየው ሳቀ፤ ኋላ ግን ለቀረው ሌላ ሌንሱ አንድ ቁራጭ ለመነኝ።

የመጀመሪያው ሰሞን ሰዉ መሣሪያ መስሎት ይበተን ነበር። ሌንስ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ ባሰ። ሴቶቹ፣ «በእኛ ሰፈር ስታልፍ አፉን ወደ መሬት ድፋልን» ብለው ላኩብኝ፤ በጋቢ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ማለፍ ጀመርኩ። ወንዶቹ ከሩቅ እንደሚያይ ሲሰሙ ከሩቅ መገተር አመጡ። ገበያውን ሳይታወቅብኝ አነሣለሁ ብዬ ጉብታ ላይ ስወጣ፣ ከታች ያለው ሕዝብ እንዳለ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ እኔ ዞሮ ይቆማል። አንዱ ፎቶውን ሊወስድ መጥቶ፣ «እኔ እኮ እዚያ ማዶ ነበርኩ፤ ከሩቅ ለተነሣ ሰው ቀንስ እንጂ» ብሎ ተከራክሮኛል። ቀነስኩለት፤ ምን ላድርግ።

ሁሉም ግን ሳቅ አልነበረም። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራው አባት ባጌጠች በቅሎ ቦርከናን ሲሻገሩ ላነሣ ከወንዙ በላይ ካለው ገደል ላይ ካሜራዬን በባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ ተከልኩ። አባትየው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም ነበር። አስተካክዬ፣ አነጣጥሬ፣ ከዚያ ሰልፉን በዓይኔ ልከታተል ቀና አልኩና የካሜራውን ቁልፍ በሚነካው ገመድ ጫን ጫን እያደረግሁ ደጋግሜ አነሣሁ። ላስቲኩ በሙቀቱ ለስልሶ ኖሯል። ሌንሱ ወደ ወንዙ አዘቅዝቆ ስለነበር ቱቦው ቀስ እያለ ሸርተት ብሎ ሲያቀርብ፣ ሲያቀርብ... ፊልሙን ሳጥበው የወጣው የበቅሎዋ ሁለት ጆሮና ልጓም የያዘ አንድ የሽማግሌ እጅ ነበር። ፊታቸው የለም። አባትየው በተከታዩ ክረምት ዐረፉ። ልጃቸው መጥቶ «ምንም ይሁን ምን ያለውን ስጠኝ» አለ። እጁን አሳየሁት። በጣቱ ነካ አደረገውና፣ «እጁ ነው፤ ጣቱ የተጎዳው በማጭድ ነው» ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አሳድጌ ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን ከካሜራው ላይ ሳላነሣ እንጂ ቀና ብዬ አንሥቼ አላውቅም፤ ያቺ እጅ እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

አሁን ወደ በሬው ልምጣ።

ጨፋ ውስጥ ጋሽ ሙሄ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ሀብታም አይደሉም፣ ሼህ አይደሉም፤ ያላቸው ቃላቸው ነው። ሌላው ሰው በሽማግሌ ፊት ሲከራከር በቁርዓን ማል ይባላል። ጋሽ ሙሄ ግን ይማሉ ተብለው አያውቁም። «ሙሄ ምን አለ?» ይባላል፣ ያሉት ይነገራል፣ ያበቃል። ግንባሩ ነጭ የሆነ፣ አገር የሚያውቀው ትልቅ ቀይ በሬም ነበራቸው። ጎረቤታቸው እንድሪስ ደግሞ የእኔ እኩያ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን አፉን ዘግቶ ሲውል ያየው የለም። በዚያ መኸር የእንድሪስን ማሽላ ከብት ገባበትና በላው። እንድሪስ የጠረጠረው ያን በሬ ነው። ሽማግሌዎቹ ጋሽ ሙሄን ጠየቁ፤ «የእኔ በሬ አልገባም» አሉ፤ ነገሩ ተዘጋ።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። በዚያው ሳምንት ከመንገዱ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ሆኜ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ገፍቼ ያን በሬ ግጦሹ ላይ ቆሞ ሳለ አነሣሁት። ማሽላው ከበስተኋላው ነው፤ ሩቅ፣ በመካከሉ ውኃ መውረጃ አለ። ረጅም ሌንስ ግን አንድ ጠባይ አለው። ፊትና ኋላ ያለውን አምጥቶ እንደ ተጣጠፈ ጨርቅ ያነባብረዋል፤ መካከሉን ይውጠዋል። ፎቶው ሲወጣ የበሬው አፍና የማሽላው ራስ ገጥመዋል። ደስ አለኝና አሳድጌ መስኮቴ ላይ ሰቀልኩት።

የገበያ ቀን እንድሪስ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ቆመ። ቀጥሎ የሰማሁት ጩኸት ነው።

«ያ ጀማዓ! ኑ እዩ! ማሽላዬ ነው! በሬው ነው! እየበላ ነው ወላሂ!»

ግማሹ ገበያ እህሉን ትቶ መስኮቴ ላይ ተለጠፈ። ወጥቼ ላስረዳ ብሞክር ማን ሰምቶኝ።

በማግስቱ ጋሽ ሙሄ ራሳቸው መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። «አከም ነጋ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ካሉኝ በኋላ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ ታደሰ፣ አንተ በዓይንህ አይተኸዋል። ዱጋውን፣ እውነቱን ንገረኝ። በላ ወይስ አልበላም?»

«አልበላም ጋሽ ሙሄ። ማሽላው ከእሱ ሩቅ ነው። ያጣበቃቸው ሌንሱ ነው።»

«እኔም አልበላም ብዬ ነበር» አሉ። «ያን ፎቶ ካየሁ ወዲህ ግን፣ ወላሂ፣ በሬው ሳየው ዓይኑን የሚሰብርብኝ ይመስለኛል። ትናንት በረት ገብቼ ጠየቅሁት።»

«ምን አለዎት?»

«ምን ይላል፤ አመነዠከብኝ።»

ሳቄን ዋጥኩ፤ ምክንያቱም እሳቸው አልሳቁም። «ሽማግሌዎቹ እንደገና ሊቀመጡ ነው። ማል ሊሉኝ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ማል ልባል ነው» አሉና ተነሡ። ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ፣ የሰቀልኩት እኔ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንድሪስ ከች አለ።

«ታደሰ፣ ያን ፎቶ ከመስኮትህ ላይ ወስጃለሁ። ሌላ አንድ አጥብልኝ።»

«አንዱ መች አነሰህ?»

«ሐጂ ኡመር ምስክር ሁለት ነው ብለዋል።»

ሐጂ ኡመር የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ናቸው። ያው አንድ ፎቶ ነው፣ ሁለት ቢሆን ምን ይጨምራል ብዬ ብለምነው እንድሪስ አልሰማም። ሽማግሌዎቹ ይስቁበታል ብዬ አጠብኩለት።

አልሳቁም። ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ሾላ ሥር ሁለቱን ፎቶዎች ድንጋይ ላይ አስደግፈው ጎን ለጎን አቆሟቸው፤ ክርክሩም በጣም ጠነከረ። አንዱ ሽማግሌ፣ «መልካቸው አንድ ነው፤ እነዚህ መንታ ናቸው» አሉ። ሌላው፣ «መንታም ቢሆኑ ሁለት ነፍስ ናቸው፤ መንታ አይመሰክርም የሚል የት አለ?» ብለው ተነሡ። እንድሪስ ፎቶዎቹ ደክሟቸው እንዳይወድቁ በሚመስል ጥንቃቄ ከኋላቸው ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ሐጂ ኡመር ጫታቸውን እየቀነጠሱ ሁሉን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሁለቱም ያዩት በአንድ ዓይን ነው» ብለው ከዳር ተቀምጬ ወደ ታቀፍኩት ሌንስ ጠቆሙ። «ስለዚህ ምስክሩ አንድ ነው። አንድ ምስክር አያስፈርድም፤ ግን ዝም አያሰኝም። ሙሄ ይማል።»

ጋሽ ሙሄ መሬት መሬት አዩ።

እኔ ተነሣሁ። «ሐጂ፣ ሌንሱ ሩቁን ያቀርባል...» ብዬ ጀመርኩ።

«አዎ ያቀርባል» አለ እንድሪስ። «በሬውን አቀረበው። ማሽላ አፉ ውስጥ የከተተው ግን ማነው? ሌንሱ ነው?»

ሳቁብኝ። በአፍ እንደማልችል ገባኝ፤ እኔ የምችለው በእጄ ነው። «እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ታገሡኝ። ዛሬ አንድ ፎቶ ላንሣ፤ እሱን አይታችሁ ፍረዱ» አልኩ። ሐጂ ኡመር ፈቀዱ።

ሐጂ ኡመር በቦታቸው፣ ሾላው ሥር እንዲቆሙ ነገርኳቸው። ጫታቸውን ብቻ ወደ ላይ ከፍ አድርገው እንዲይዙልኝ ለመንኩ። ብልህ ሰው ናቸው፣ ለምን አላሉም። እንድሪስን መስኩን አቋርጦ ጅረቱ ዳር እንዲቆም ላክሁት፤ እኔ ደግሞ ካሜራዬን ተሸክሜ ከእሱም አልፌ መንገዱ ድረስ ሄድኩ። ሌንሱ ቅርቡንና ሩቁን እኩል አጥርቶ እንዲያይ የብርሃን መግቢያውን እስከ መጨረሻው አጠበብኩት። ብርሃን ሲያንስ ፍጥነቱ መዘግየት አለበት፤ ሲዘገይ ደግሞ ትንሽ ነፋስ ሁሉን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ጆንያ ውስጥ ድንጋይ ሞልቼ ከመቆሚያው ሥር አንጠለጠልኩ። ላስቲኩን በሁለተኛ ላስቲክ አሰርኩት። ዓይኔን ካሜራው ላይ ተክዬ ወደ ግራ ፈቀቅ፣ ወደ ቀኝ ፈቀቅ፣ እንደገና ወደ ግራ። የመንደሩ ሰው አብዶ ነው ሳይለኝ አልቀረም። ፊልሜ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው፤ ካበላሸሁት ጋሽ ሙሄ መማላቸው ነው።

እንድሪስ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። በኃይል ጮህኩ፤ «እንድሪስ! እስቲ ስለ ማሽላህ ንገራቸው!»

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ልበል ይል ነበር። እንድሪስ ግን አፉን ከፈተ። ቀጭ አደረግሁት።

በቀጠሮው ሾላው ሥር ያልመጣ ሰው አልነበረም። ፎቶውን ለሐጂ ኡመር በእጃቸው ሰጠኋቸው። አዩት። አራቁት፣ አቀረቡት። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት። ከዚያ በጣም በተከፋ ድምፅ፣

«እንድሪስ» አሉ፣ «ጫቴን ለምን በላህ?»

«ኧ?»

ፎቶውን አዞሩለት። እንድሪስ አፉን እስከ ጉሮሮው በልቅጦ የሐጂ ኡመርን የጫት እስር ከነቅጠሉ ሊውጥ አንድ ጣት ቀርቶታል። ሐጂ ኡመር ደግሞ ከኋላው ቆመው እየተበላባቸው ዝም ብለው ያያሉ።

«ወላሂ አልበላሁም!» አለ እንድሪስ። «ኧረ በአላህ ሐጂ! እኔ ጅረቱ ዳር ነበርኩ! እርስዎ እዚህ ሾላው ሥር ነዎት! በመካከላችን መስክ ሙሉ መሬት አለ! እንዴት አድርጌ ነው የምበላው?»

ሐጂ ኡመር ፎቶውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«በሬው መናገር ቢችል ኖሮ» አሉ፣ «ይህንኑ ነበር የሚለው።»

ሳቁ ከሾላው ላይ ወፎቹን አስነሣ። እንድሪስ ራሱ፣ መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ከዚያ ፎቶውን ተቀብሎ ራሱን አየና መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። ተነሥቶም የጋሽ ሙሄን ጉልበት ይዞ፣ «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለ። አውፍ አሉት። ማል ያላቸው አልነበረም። ማሽላውን የበላው የማን ከብት እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ ከርከሮ ነው የሚሉም አሉ።

በሳምንቱ ጋሽ ሙሄ መጥተው፣ «ከበሬዬ ጋር ተኳርፈን ስለነበር አብረን አንሣን፤ ግን በዚያ በረጅሙ አይደለም» አሉኝ። ሳቅሁና አጭሩን ሌንስ ገጥሜ ሄድኩ። ስደርስ እንድሪስም አለ፤ ለዕርቁ ብሎ ከማሳው የቆረጠውን ምርጥ የማሽላ ራስ በሁለት እጁ ታቅፎ መጥቷል። በሬውን በመካከል አድርገው በግራና በቀኝ ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪሰማኝ ተጠጋሁ። «በርዎን ቆልፈዋል?» ልል አፌን ስከፍት፣ በሬው አንገቱን አዞረና የእንድሪስን ማሽላ ከእቅፉ ላይ ላፍ አደረገው። ጣቴ በዚያው ቅጽበት ወረደ።

ፎቶውን መስኮቴ ላይ ሰቀልኩት። የገበያ ቀን ሰዉ ተሰብስቦ ይስቃል።

«ደግሞ አመጣው! በሬው ጨፋ ነው፣ ማሽላው ሰንበቴ ነው!»

«እንድሪስም እዚያ አልነበረም፤ ሌንሱ ነው ያመጣው!»

«ኧረ በአላህ!» ይላል እንድሪስ በመካከላቸው ቆሞ። «ይሄኛው ዱጋ ነው! ከእጄ ላይ ነው የበላው! አጠገቡ ነበርኩ!» የሚያምነው አላገኘም። እኔም ወጥቼ ይህ በአጭሩ ሌንስ ነው፣ እውነት ነው ብዬ ማልኩ። ይብስ ሳቁ። ሌንስ ይዋሻል ብዬ ያስተማርኳቸው እኔው ነኛ።

በዚህ መካከል ጋሽ ሙሄ ጨው ገዝተው በዚያ ሲያልፉ አንዱ ጠራቸው።

«ጋሽ ሙሄ፣ በላ እንዴ?»

ቆም አሉ። ፎቶውን እንኳ ቀና ብለው አላዩትም።

«ኤዬ፣ አዎ» አሉ፣ «በላ።» መንገዳቸውንም ቀጠሉ።

ሳቁ ቀጥ አለ። «በላ ማለት ነው» አለ አንዱ ለጎረቤቱ በቀስታ፤ ሰዉም ወደ ገበያው ተበተነ።